አነስተኛ ሲኤንሲ ራውተር

አነስተኛ ሲኤንሲ ራውተር በኮምፒዩተር ትእዛዝ እየተንቀሳቀሰ እንጨትን፣ ኤምዲኤፍን፣ ፕላስቲክንና እንደ አሉሚኒየም ያሉ ለስላሳ ብረቶችን የሚቆርጥና የሚቀርጽ፣ በመኖሪያ ቤት ወይም በትንሽ ወርክሾፕ የሚቀመጥ ማሽን ነው። «ሲኤንሲ» በኮምፒዩተር የሚካሄድ የቁጥር ቁጥጥር ማለት ሲሆን፣ ስያሜው የመጣው የመቁረጫው ፑንታ የሚሄድበት መንገድ ሁሉ አስቀድሞ በቁጥር ተጽፎ ለማሽኑ ስለሚሰጥ ነው። ብዙ ተጠቃሚዎች ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝተው ወይም ያልተገጠመ ኪት አስመጥተው ማሽኑን ራሳቸው ይገጣጥሙታል።

ክፍሎች ሲመረጡ ብዙውን ጊዜ ትኩረት የሚሰጠው ለፍጥነትና ለልኬት ትክክለኛነት ነው። ይሁን እንጂ ማሽኑ ከሚቆርጠው እንጨት የተወሰነው በዓይን ወደማይታይ ደቃቅ ብናኝ ስለሚለወጥ፣ የብናኝ መሰብሰቢያው እንደ ሞተሩና እንደ ስፒንድሉ ሁሉ የማሽኑ አንድ ክፍል ነው። የስፒንድሉ ዓይነት፣ የጋንትሪው ቁመት፣ የመጨረሻ ማብሪያዎቹ አሠራርና የመብራት መስመሩ አቅም ከመሰብሰቢያው ጋር የተያያዙ በመሆናቸው፣ ማሽኑ ካለቀ በኋላ እንዲጨመር የተተወ መሰብሰቢያ ብዙ ጊዜ በደንብ አይገጥምም።

ታሪክ

የቁጥር ቁጥጥር ሐሳብ የሚያያዘው በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የሄሊኮፕተር ክንፎችን ይሠራ ከነበረው ከጆን ፓርሰንስ ጋር ነው። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በአሜሪካ አየር ኃይል ድጋፍ ሐሳቡን አዳብሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በቁጥር የሚታዘዝ ፍሬዛ ማሽን ለእይታ አቀረበ። ማሽኑ ትእዛዙን የሚያነበው ከተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ነበር። ዛሬም የሚሠራበት ጂ-ኮድ የተባለው የትእዛዝ ቋንቋ ሥሩ ከዚያው ዘመን ይነሳል።

ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያለው ማሽን በፋብሪካ ብቻ የሚገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በኢጣሊያ የተጀመረው አርዱዊኖ የተባለ ርካሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ቀጥሎም በ2009 ኖርዌያዊው ሲመን ስቫሌ ስኮግስሩድ በነፃ ያሰራጨው ጂአርቢኤል የተባለ ፕሮግራም ማሽኑን ወደ ግለሰቦች አቀረቡት። ጂአርቢኤል የጂ-ኮድ ትእዛዝን ተቀብሎ ሞተሮችን የሚያንቀሳቅስ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተሠራው በዚሁ አነስተኛ ሰሌዳ ላይ እንዲሠራ ተደርጎ ነው።

አሠራር

ሥራው የሚጀምረው በኮምፒዩተር ላይ ከሚሣል ንድፍ ነው። ሌላ ፕሮግራም ከንድፉ በመነሣት ፑንታው የሚሄድበትን መንገድ ያሰላና ጂ-ኮድ ያወጣል። መቆጣጠሪያ ሰሌዳው እያንዳንዱን መስመር አንብቦ ወደ ኤሌክትሪክ ምት ይለውጠዋል፤ ምቱ በድራይቨር በኩል ሞተሩን ጥቂት ጥቂት ያዞረዋል። ሞተሮቹ ማሽኑን በሦስት አቅጣጫ ያንቀሳቅሱታል፦ ኤክስ ግራና ቀኝ፣ ዋይ ፊትና ኋላ፣ ዚ ደግሞ ላይና ታች። ስፒንድሉን ተሸክሞ እንደ ድልድይ በጠረጴዛው ላይ የሚሻገረው ክፍል ጋንትሪ ይባላል።

የተለመደው ስቴፐር ሞተር በአንድ ርምጃ 1.8 ዲግሪ ስለሚዞር፣ አንድ ሙሉ ዙር 200 ርምጃ ነው። ድራይቨሩ እያንዳንዱን ርምጃ ለ8 ሲከፍለው ዙሩ 1,600 ምት ይሆናል። ሞተሩ በአንድ ዙር 5 ሚሜ ከሚገፋ ጠመዝማዛ ዘንግ ጋር ከተገናኘ፣ ለአንድ ሚሊሜትር ጉዞ 320 ምት ያስፈልጋል። በአርዱዊኖ ኡኖ ላይ የሚሠራው ጂአርቢኤል በሰከንድ እስከ 30,000 ገደማ ምት ማውጣት ስለሚችል፣ የዚህ ማሽን የፍጥነት ጣሪያ በደቂቃ 5,600 ሚሜ አካባቢ ነው። በተግባር ግን ሞተሩ ፍጥነቱ ሲጨምር ጉልበቱ ስለሚቀንስ ከዚያ ቀድሞ ሊደክም ይችላል።

ክፍሎችን መምረጥ

ፍሬምና ሐዲድ

የማሽኑ ጥራት በመጀመሪያ የሚወሰነው በፍሬሙ ጥንካሬ ነው። ፑንታው እንጨቱን ሲገፋ እንጨቱም ፑንታውን መልሶ ይገፋዋል፤ ፍሬሙ ከተጣጠፈ መስመሩ ይጣመማል፣ የተቆረጠውም ጠርዝ ይንቀጠቀጣል። ጫፍና ጫፉ ላይ ብቻ የተደገፈ ክብ ዘንግ ርዝመቱ በእጥፍ ሲጨምር፣ በዚያው ጭነት የሚጎብጠው 8 እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱ በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ መጉበጡ ወደ 16ኛ እጅ ይወርዳል። በዚህም ምክንያት ሰፊ ማሽን ለመሥራት የተነሣ ሰው ከዳር እስከ ዳር በብሎን የሚታሰር ሊኒየር ሐዲድ መምረጡ ይመከራል።

ሐዲዱ ላይ የሚሄዱት ኩሽኔታዎች ቅባት ስላላቸው ብናኝ ይስባሉ። ብናኙ ከቅባቱ ጋር ሲቀላቀል እንደ ሊጥ ሆኖ ኳሶቹን ያግዳል። ሐዲዱ ከሥራ ጠረጴዛው በታች ወይም በጋንትሪው ጀርባ ከተገጠመና የላስቲክ መጥረጊያ ካለው ብዙ ጊዜ ይቆያል።

ማስተላለፊያ

የሞተሩን ዙር ወደ ቀጥታ ጉዞ የሚለውጡ ሦስት የተለመዱ መንገዶች አሉ። ጥርስ ያለው ቺንጋ ርካሽ፣ ፈጣንና ብናኝን የሚችል ነው፤ ነገር ግን ሲረዝም ይለጠጣል። ተራው ጠመዝማዛ ዘንግ ዋጋው ዝቅተኛ ቢሆንም ዳዶው ሲበላ ክፍተት ይፈጠራል፣ ማሽኑም አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ትንሽ ይስታል። ቦል ስክሩ በዳዶው ውስጥ በሚሽከረከሩ ኳሶች ስለሚሄድ ክፍተቱ በጣም ትንሽ ነው፤ በዋጋ ከሦስቱ የሚወደደውም ለብናኝ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻውም እሱ ነው።

ሞተርና ድራይቨር

ኔማ 17 እና ኔማ 23 የሚባሉት ስሞች የሚናገሩት ስለ ሞተሩ የፊት ገጽ ስፋት እንጂ ስለ ጉልበቱ አይደለም፤ የመጀመሪያው 42 ሚሜ፣ ሁለተኛው 57 ሚሜ ያህል ነው። ኔማ 17 ለትንንሽ የጠረጴዛ ማሽኖች ሲበቃ፣ ወፍራም እንጨት ለሚቆርጥ ማሽን ኔማ 23 ይመረጣል። ስቴፐር ሞተር በተለመደው አገጣጠሙ ያለበትን ቦታ ለመቆጣጠሪያው አይነግርም። አንድ ነገር አግዶት ርምጃ ከሳተ ማሽኑ ሳያውቅ በተሳሳተው ቦታ መቁረጡን ይቀጥላል። በፑንታው መንገድ ላይ የተከማቸ ሰጋቱራም ጭነት ስለሚጨምር ለዚህ ስሕተት አንድ ምክንያት ነው።

ስፒንድል

ፑንታውን የሚያሽከረክረው ክፍል የእጅ ራውተር ወይም ለዚሁ የተሠራ ስፒንድል ሊሆን ይችላል። 65 ሚሜ ውፍረት ያላቸው ትንንሽ የእጅ ራውተሮች በቀላሉ ይገኛሉ። ብዙዎቹ በደቂቃ ከ10,000 እስከ 30,000 ዙር ይሠራሉ፤ ነገር ግን ይጮኻሉ፣ ካርቦናቸውም እያለቀ ይቀየራል። ስፒንድል ጸጥ ያለና ለረጅም ሰዓት ሥራ የተሻለ ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው ኢንቨርተር የተባለ መሣሪያ ሲሆን፣ ባለ 2 ዋልታ ስፒንድል በ400 ሄርዝ በደቂቃ 24,000 ዙር ገደማ ይዞራል።

ማቀዝቀዣው ከብናኝ ጋር ቀጥታ ግንኙነት አለው። የእጅ ራውተሮችና ብዙ በአየር የሚቀዘቅዙ ስፒንድሎች አየሩን ከላይ ስበው ወደ ፑንታው ይነፉታል፤ ይህ ንፋስ ብናኙን ከመሰብሰቢያው ሽፋን ውጭ ይበትነዋል። በውሃ የሚቀዘቅዝ ስፒንድል እንዲህ ያለ ንፋስ የለውም፤ በምትኩ ፓምፕ፣ ቱቦና የውሃ ማጠራቀሚያ ይፈልጋል፣ ፓምፑም በሥራ መካከል ከቆመ ስፒንድሉ ሊቃጠል ይችላል። በአየር የሚቀዘቅዘውን የመረጠ ሰው ንፋሱን ወደ ጎን የሚመልስ ሽፋን ማዘጋጀት ይኖርበታል።

ፑንታና የጉዞ ፍጥነት

የብናኙ መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው በአቆራረጡ ነው። በደቂቃ 18,000 ዙር የሚዞር ባለ 2 ስለት ፑንታ በእያንዳንዱ ስለት 0.05 ሚሜ እንዲነክስ ከተፈለገ፣ የጉዞው ፍጥነት 18,000 × 2 × 0.05 ማለትም በደቂቃ 1,800 ሚሜ መሆን አለበት። ጉዞው ከዚህ በጣም ከዘገየ ስለቱ እንጨቱን ከመፋቅ ይልቅ ይፈትገዋል፤ ፑንታው ይግላል፣ የሚወጣውም ቁራጭ ሳይሆን ዱቄት ይሆናል።

ጠመዝማዛው ወደ ላይ የሆነ ፑንታ ቁራጩን ወደ መሰብሰቢያው ያወጣል፤ ሆኖም የሰሌዳውን የላይኛ ጠርዝ ሊቦጭቀው ይችላል። ወደ ታች የሆነው የላይኛውን ጠርዝ ንጹሕ ቢያደርግም ሰጋቱራውን ወደ ተቆረጠው ቦይ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል። ለኮምፔርሳቶ የሚመረጠው ሁለቱን አቅጣጫዎች ያጣመረ ፑንታ ነው።

መቆጣጠሪያና ማብሪያዎች

ማሽኑ መነሻውን የሚያገኘው በየአቅጣጫው ጫፍ በሚገጠሙ ማብሪያዎች ነው። በብርሃን የሚሠራ ማብሪያ ብናኝ ሲጋርደው በሐሰት ሊነካ ይችላል። በብረት መቅረብ የሚሠራው ግን የእንጨት ብናኝ ስለማይሰማው ለራውተር የተሻለ ነው። ሰሌዳውና ድራይቨሮቹ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ሆነው አየር በማጣሪያ በኩል ሊገባላቸው ይገባል። ኃይል የሚያቋርጥ ቀይ የአደጋ ማቆሚያ ቁልፍም እጅ በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል።

የእንጨት ብናኝ ጉዳት

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 ለሰው ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ በተለይ የሚያያዘው ከአፍንጫና በዙሪያው ካሉ ክፍተቶች ካንሰር ጋር ነው። አብዛኛው ኤምዲኤፍና ችፑድ በሚጣበቅበት ኮላ ውስጥ የሚገኘው ፎርማልዴሃይድም በ2004 በዚያው ምድብ ተመድቧል። ከዚህ ሌላ ብናኙ አስም፣ የቆዳ ማሳከክና የዓይን መቆጣት ያስከትላል።

ጎጂው በወለል ላይ የሚታየው ሰጋቱራ ሳይሆን በአየር ላይ የሚቀረው ደቃቅ ብናኝ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ወደ ሳንባ ጠልቀው የሚገቡት ቅንጣቶች ከ10 ማይክሮሜትር ያነሱ ናቸው። የውሃን ያህል እፍጋት ያለው ባለ 10 ማይክሮሜትር ቅንጣት ነፋስ በሌለበት ክፍል 1.5 ሜትር ለመውረድ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ባለ 1 ማይክሮሜትሩ ግን 12 ሰዓት ገደማ። ስለዚህ ማሽኑ ቆሞ ክፍሉ ንጹሕ በሚመስልበት ሰዓት እንኳ ብናኙ እየተተነፈሰ ሊሆን ይችላል።

የአውሮፓ ኅብረት ከ2023 ጀምሮ በሥራ ቦታ የሚፈቅደው የጠንካራ እንጨት ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 2 ሚሊግራም ነው። «ጠንካራ እንጨት» የሚባለው የሰፊ ቅጠል ዛፎች እንጨት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ለቤት ዕቃና ለግንባታ የሚውሉት ዋንዛና ባሕር ዛፍ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። መጠኑን ለመገመት 4 በ5 ሜትር ስፋትና 2.8 ሜትር ከፍታ ያለውን ክፍል መውሰድ ይቻላል። የክፍሉ አየር 56 ሜትር ኩብ ስለሆነ ወሰኑ የሚሞላው በ112 ሚሊግራም ብናኝ ነው። በባለ 6 ሚሜ ፑንታ 18 ሚሜ ውፍረት ያለውን ኤምዲኤፍ አንድ ሜትር ርዝመት መቁረጥ ደግሞ 80 ግራም ያህል ሰጋቱራ ያወጣል። ከዚህ ከሰባት መቶ እጅ አንዱ ብቻ በአየር ላይ ቢቀር የክፍሉ ወሰን ይሞላል። ማሽኑ ሰዎች በሚኖሩበትና በሚተኙበት ቤት ውስጥ ሲሆን ተጋላጭነቱ ከባለሙያው አልፎ ለቤተሰቡ ይተርፋል።

የብናኝ መሰብሰቢያ

ሽፋኑ

ብናኝ በቀላሉ የሚያዘው በአየር ከመበተኑ በፊት፣ ከፑንታው ሥር ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ዙሪያውን በብሩሽ የተከበበና ከቱቦ ጋር የሚገናኝ ዳስት ሹ የተባለ ሽፋን ነው። ከስፒንድሉ ጋር አብሮ የሚወርድ ሽፋን ለመሥራት ይቀላል፤ ነገር ግን ፑንታው ጠልቆ ሲገባ ብሩሹ ይታጠፋል። ከስፒንድሉ ተለይቶ በቋሚ ከፍታ የሚቆመው ሁልጊዜ ከእንጨቱ ጋር እንደተነካካ ይቆያል፤ ሆኖም ውፍረቱ የተለያየ እንጨት ሲመጣ እንደገና መስተካከል አለበት።

ሽፋኑ ቦታ ይወስዳል። ከጋንትሪው በታች ያለው ከፍታ ሲሰላ የእንጨቱ ውፍረት፣ የፑንታው ርዝመትና የሽፋኑ ቁመት አብረው ይደመራሉ። እንጨቱን የሚይዙት ማሠሪያዎችም ከሽፋኑ ጋር እንዳይጋጩ ዝቅ ያሉ መሆን አለባቸው።

መሳቢያውና ቱቦው

ለመሳቢያነት የሚያገለግሉት ሁለት ዓይነት መሣሪያዎች ናቸው። የወርክሾፕ ቫኪዩም ኃይለኛ ስበት ቢኖረውም የሚያንቀሳቅሰው አየር ጥቂት ስለሆነ ለቀጭን ቱቦ ይስማማል። ዳስት ኮሌክተር የተባለው በትልቅ ማራገቢያ ብዙ አየር ያንቀሳቅሳል፤ ስበቱ ግን ደካማ ስለሆነ ሰፊ ቱቦ ይፈልጋል።

ሰጋቱራ በቱቦ ውስጥ ሳይወድቅ እንዲጓዝ የአየሩ ፍጥነት በሰከንድ 20 ሜትር ያህል እንዲሆን ይመከራል። በ50 ሚሜ ቱቦ ይህን ለማግኘት በሰዓት 140 ሜትር ኩብ አየር ሲበቃ፣ በ100 ሚሜ ቱቦ ግን 565 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። 140 ሜትር ኩብ የሚስብ ቫኪዩም ከ100 ሚሜ ቱቦ ጋር ቢገናኝ ፍጥነቱ ወደ 5 ሜትር ይወርድና ሰጋቱራው በመንገድ ላይ ይከማቻል። ለአንድ ትንሽ ማሽን ቫኪዩምና አጭር፣ ብዙ ያልታጠፈ ቱቦ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሳይክሎንና ማጣሪያ

በሽፋኑና በቫኪዩሙ መካከል የሚገባው ሳይክሎን አየሩን በሾጣጣ ዕቃ ውስጥ ያሽከረክረዋል፤ ከባዱ ሰጋቱራ ወደ ዳር ተገፍቶ በሥሩ ወዳለው በርሜል ይወርዳል። ይህም የቫኪዩሙ ማጣሪያ ቶሎ እንዳይደፈንና ስበቱ እንዳይቀንስ ይረዳል። በርሜሉ አየር ካስገባ የወደቀው ሰጋቱራ ተመልሶ ይነሣል። ስስ የፕላስቲክ በርሜል ደግሞ ቱቦው ሲዘጋ በስበቱ ሊጨማደድ ይችላል።

ሳይክሎን ደቃቁን ብናኝ ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ተራ የጨርቅ ከረጢት ያለው መሳቢያም ትልቁን ሰጋቱራ አስቀርቶ ደቃቁን መልሶ ወደ ክፍሉ ሊነፋው ይችላል። በአሜሪካ መለኪያ መሠረት ሄፓ የሚባል ማጣሪያ 0.3 ማይክሮሜትር ከሆኑ ቅንጣቶች 99.97 በመቶውን ማስቀረት አለበት። ሁለተኛው አማራጭ መሳቢያውን ከቤት ውጭ አስቀምጦ አየሩን ሰው ወደሌለበት ማስወጣት ነው። ጠረጴዛው ሲጸዳ፣ በርሜሉም ሲደፋ ኤፍኤፍፒ2 ወይም ኤን95 ደረጃ ያለው ጭንብል ይደረጋል። በኮምፕረሰር ንፋስ ማጽዳት የወደቀውን ብናኝ መልሶ አየር ላይ ስለሚያወጣው አይመከርም።

ስታቲክ ኤሌክትሪክና እሳት

ደረቅ ሰጋቱራ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሲሮጥ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ይህ ሲፈነጥቅ ሰውን ከመቆንጠጡ ሌላ መቆጣጠሪያውን ከሥራ መሃል ሊያስቆመው ይችላል። መፍትሔው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቱቦ መጠቀም ወይም በቱቦው ላይ ባዶ ሽቦ ጠምጥሞ ከመሬት መስመር ጋር ማገናኘት ነው። የስፒንድሉ ኬብልም መከለያ ያለው ሆኖ ከመሬት ጋር ሲያያዝ የኢንቨርተሩ ረብሻ ይቀንሳል።

የደነዘ ፑንታ ወይም በእንጨት ውስጥ የተረሳ ምስማር ፍም ሊያስነሣ ይችላል። ፍሙ ተስቦ በርሜል ውስጥ ከገባ ሰው ከሄደ በኋላ ቀስ እያለ ይነዳል። ስለዚህ ማሽኑ ሲሠራ ብቻውን አይተውም፤ በርሜሉም ሥራ ሲያበቃ ውጭ ይደፋል። የአሉሚኒየም ደቃቅ ብናኝ ተቀጣጣይ በመሆኑና የጋለ የብረት ቁራጭም ሰጋቱራ ሊያቀጣጥል ስለሚችል፣ የብረትና የእንጨት ቁራጮች በአንድ ዕቃ አይሰበሰቡም።

የመብራት መስመር

ስፒንድሉና መሳቢያው የሚሠሩት በአንድ ጊዜ ስለሆነ ኃይላቸው አብሮ ይሰላል። 1,500 ዋት የሚወስድ ስፒንድልና 1,200 ዋት የሚወስድ ቫኪዩም በ220 ቮልት በድምሩ 12.3 አምፒር ይወስዳሉ። በአሜሪካው 120 ቮልት ግን ድምሩ 22.5 አምፒር ስለሚሆን፣ በዚያ አገር የተለመደው ባለ 15 ወይም ባለ 20 አምፒር መስመር አይችለውም፤ ሁለት መስመሮች ያስፈልጋሉ። ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ የሚላክ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ራውተር ወይም ቫኪዩም ያለ ትራንስፎርመር በ220 ቮልት ቢሰካ ይቃጠላል።

መብራት በሥራ መካከል ሲጠፋ ማሽኑ ያለበትን ቦታ ይረሳል። የመነሻ ማብሪያዎች ያሉት ማሽን መብራት ሲመለስ መነሻውን ፈልጎ ማግኘት ይችላል። ጂአርቢኤል የሥራውን ዜሮ ነጥብ በቋሚ ማኅደረ ትውስታ ስለሚይዝም እንጨቱ ከቦታው እስካልተነቃነቀ ድረስ ሥራው ከተቋረጠበት አካባቢ ሊቀጥል ይችላል። መብራት ሲመለስ ስፒንድሉ በራሱ እንዳይነሣ ማጥፊያው አስቀድሞ ይዘጋል።

የግዢ ቅደም ተከተል

ክፍሎች የሚመረጡት ከሥራው በመነሣት ነው። መጀመሪያ የሚቆረጠው ቁስና ትልቁ የሰሌዳ ልክ ይወሰናል፤ ይህ የፍሬሙን ስፋትና የሐዲዱን ዓይነት ይወስናል። ቀጥሎ ስፒንድሉ ከነማቀዝቀዣው ይመረጣል፤ ክብደቱ የሞተሮቹን ጉልበት፣ ንፋሱ ደግሞ የሽፋኑን ቅርጽ ይነካል። የጋንትሪው ቁመት ከሽፋኑ ጋር ከተሰላ በኋላ ፍሬሙ ይቆረጣል። መቆጣጠሪያው፣ ኬብሉና የመብራት መስመሩ በመጨረሻ ይመጣሉ። ገንዘብ ሲያጥር የማሽኑን ስፋት መቀነስ የብናኝ መሰብሰቢያውን ከመተው ይሻላል፤ ጠባቡ ማሽን ፍሬሙ በዚያው ዋጋ ይበልጥ ጠንካራ ይሆናል፣ ቱቦውም ያጥራል።